«አማራጭ መንገድ ይጠቀሙ» ተብሎ ዝም? ሾፌር ከታፔላ የሚፈልገው

በዓል ወይም ትልቅ ስብሰባ ሲኖር በከተሞቻችን አንድ ማስታወቂያ አይቀርም። በሬዲዮም ይነገራል፣ በፌስቡክም ይለጠፋል። «አንዳንድ መንገዶች ለጊዜው ዝግ ስለሚሆኑ አሽከርካሪዎች አማራጭ መንገድ እንድትጠቀሙ እናሳስባለን» ይላል። ትሁት ነው። ለሾፌር ግን እምብዛም አይጠቅምም። የተዘጋው የትኛው መንገድ ነው? እስከ ስንት ሰዓት? አማራጩስ በየት በኩል ነው? ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። በአንድ ወገን ጣና አለ። በሌላ ወገን ዓባይ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ውሃ በከበበው ከተማ አማራጭ መንገድ እንደልብ አይገኝም።

ግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። በአንዱ አቅጣጫ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል። ለብስክሌትና ለእግረኛም የራሱ ቦታ አለው። ከዚያ በፊት ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ፣ ወደ ዘንዘልማ የሚሄደው ሚኒባስ፣ ባጃጁና ብስክሌቱ ሁሉ በአንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ይጋፋ ነበር። ስለዚህ ድልድዩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ድልድይ ስለሰፋ ጭንቅንቅ ብን ብሎ አይጠፋም። መኪናው ቶሎ ይሻገርና ቀጣዩ መስቀለኛ ላይ ሄዶ ይሰለፋል። እዚያ ላይ ሾፌሩን የሚረዳው ፊት ለፊቱ ምን እንዳለ ቀድሞ የሚነግረው ነገር ነው። ነገሩ ታፔላ ሊሆን ይችላል፣ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ዋናው ምን ይላል የሚለው ነው።

ይህ ጉዳይ በሌሎች አገሮች ብዙ ተጠንቷል። በአውራ ጎዳና ላይ መልዕክታቸው የሚቀያየር ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ከተተከሉ በኋላ ተመራማሪዎች «ሾፌሩ ምን ቢጻፍለት ይሻለዋል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። መልሱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አንድ ነገር ተደጋግሞ ይወጣል። ሾፌር መጀመሪያ የሚፈልገው ትዕዛዝ አይደለም። ምን ተፈጠረ፣ የት ላይ ነው፣ ምን ያህል ያቆመኛል የሚለውን ነው። ይህን ካወቀ ውሳኔውን ራሱ ይወስዳል። «በግራ ታጠፍ» ብቻ ሲባል ግን መጀመሪያ የሚመጣለት «ለምን?» ነው። እኛ አገር ደግሞ ከ«ለምን?» ቀጥሎ «ማን አለ?» ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት የሰሌዳ መልዕክት ሾፌሮችን መንገድ እንደሚያስቀይር አሳይቷል። የማስቀየር ኃይሉ ግን በቃላቱ ላይ ይወሰናል። የመዘግየቱ መጠንና ምክንያቱ ሲጻፍ ሾፌሩ ነገሩን በቁም ነገር ያየዋል። ሦስት ዓመት ቆይቶ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ቦርማን በተባለው ፈጣን መንገድ ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገው ጥናትም ወደዚያው ያመራል። መልዕክቱ ዝርዝር በያዘ ቁጥር መንገድ ለመቀየር የሚፈቅደው ሾፌር ይበዛል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ግን ከሌላው ይልቅ ያመነታሉ።

ለምን እንደሚያመነቱ ለእኛ ሾፌር ማስረዳት አያስፈልግም። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ወደማያውቀው ጠባብ መንገድ ገብቶ መዞሪያ ቢያጣስ? ባጃጅ ግን አስር ሜትር አትፈጅም፤ እንደ ድመት ዞራ ትመጣለች። ስለዚህ «አማራጭ መንገድ» የሚባል ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር የለም። ለባጃጅ አማራጭ የሆነው ለአይሱዙ ወጥመድ ነው። ታፔላው ለማን እንደሚናገር ካልለየ ግማሹን ሰው ያሳስታል። «ለቀላል መኪና» ወይም «ከባድ መኪና አይገባም» የሚል አንድ መስመር ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ሌላው የደቂቃ ጉዳይ ነው። «መጨናነቅ አለ» የሚል ሰሌዳ ለሾፌር አዲስ ነገር አይነግረውም። መጨናነቅማ ሁልጊዜም አለ። ፓሪስን የሚዞረው የቀለበት መንገድ ላይ ሰሌዳዎቹ እስከ ቀጣዮቹ ዋና ዋና መውጫዎች ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጽፋሉ። ቶኪዮ ውስጥ ባሉት ፈጣን መንገዶች ደግሞ የመንገዱ ካርታ ራሱ ሰሌዳው ላይ አለ። መኪና የተጠራቀመበት ክፍል በቀይ ይበራል። ሾፌሩ ማንበብ ሳያስፈልገው በአንድ እይታ ይረዳል። የእኛ ሰው ርቀትን ድሮም የሚለካው በሰዓት ነው። «ጎንደር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከሚለው ይልቅ «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ይጠይቃል። ስለዚህ ሰዓትና ደቂቃ የሚናገር ሰሌዳ ባሕር ዳር ላይ እንግዳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ሾፌር የሚፈልገውንና የሚያደርገውን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ይህን ፈትነዋል። ሾፌሮች በመጠይቅ ሲጠየቁ ብዙዎቹ «መልዕክቱን ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ» ብለው ነበር። መንገድ ላይ ሲታይ ግን ሰሌዳው ላይ የወጣውን መረጃ ያስተዋለው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ካስተዋሉትም መንገድ የቀየሩት ጥቂቶች ናቸው። ቁጥሩ መጠይቁ ካስገመተው አንድ አምስተኛው ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ መንገድ ያልቀየሩትም መረጃው ጠቃሚ ነው ብለዋል።

እኔ ይህን ውጤት እንደ ውድቀት አላየውም። ሾፌሩ 20 ደቂቃ እንደሚቆም ካወቀ ለሚጠብቀው ሰው ይደውላል። ሞተር ያጠፋል። ጥሩምባ መንፋቱን ይተዋል፤ ቢያንስ ይቀንሳል። ተሳፋሪው «ምንድን ነው የቆምነው?» እያለ ረዳቱን አያስጨንቅም። መንገድ ባይቀየርም ጭንቀቱ ይቀልላል። ሰው የሚያበሳጨው መቆሙ ብቻ አይደለም። እስከ መቼ እንደሚቆም አለማወቁም ነው።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ እንምጣ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሾፌር ዓባይ በረሃን ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል። ሌላው በብቸና፣ በሞጣና በአዴት ይመጣል። የሞጣው ያጥራል። የማርቆሱ ትልልቅ ከተሞች፣ ነዳጅ ማደያና ጋራዥ በብዛት ያገኛል። ሁለቱ መንገዶች ደጀን ላይ ይለያዩና ባሕር ዳር ላይ ይገናኛሉ።

ታዲያ በማርቆሱ መስመር ዳንግላ አካባቢ ከባድ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ እንበል። ይህን የሚነግር ታፔላ እንጅባራ ላይ ቢቆም ምን ይጠቅማል? ሾፌሩ ምርጫውን ደጀን ላይ ጨርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ታፔላው መቆም ያለበት ደጀን ነው፤ ያውም ከመገንጠያው ቀደም ብሎ። ሾፌሩ አይቶ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ ከረዳቱ ጋር ተነጋግሮ የሚወስንበት ርቀት ያስፈልገዋል። ከባሕር ዳር ለሚነሳው ደግሞ ቦታው የከተማዋ መውጫ ነው፤ እንዲያውም መናኸሪያው። ችግሩ ያለው ዳንግላ ነው፣ መረጃው የሚያስፈልገው ደጀንና ባሕር ዳር። በመሃሉ የተለያዩ ወረዳዎችና ዞኖች አሉ። አንዱ ለሌላው ካልደወለ ታፔላው ባዶ ነው። የመሣሪያው ዋጋ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ማንበብም ጊዜ ይወስዳል። በአሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት በዚህ ጉዳይ የሠሩ የመንገድ መሐንዲሶች ለአንድ አጭር ቃል አንድ ሴኮንድ ያህል ይመድባሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። እስቲ በዚህ ሒሳብ የተለመደውን ማስታወቂያ እንመዝን። «ውድ አሽከርካሪዎች በከተማችን በሚከበረው በዓል ምክንያት አማራጭ መንገድ እንድትጠቀሙ በትሕትና እንጠይቃለን»። 11 ቃል ነው፣ አብዛኛውም ረጅም። ቢያንስ 11 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ150 ሜትር በላይ። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ርቀት ዓይኑን ሰሌዳ ላይ ተክሎ፣ በመሃል ባጃጅና ብስክሌት እየገቡበት፣ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው በዓል እንዳለ ነው። በዓሉንማ ያውቀዋል፤ ልጆቹን ነጭ አልብሶ የወጣው ለዚሁ ነው።

በምትኩ «ጊዮርጊስ ዝግ፣ እስከ 8 ሰዓት» ብንልስ? ከአምስት ቃል አይበልጥም፤ ግን የት እና እስከ መቼ የሚለውን ይመልሳል። ምክንያቱን ለመጨመር «ጥምቀት» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። ትሕትናው የታለ የሚል ይኖራል። የአሽከርካሪን ጊዜ መቆጠብ ራሱ ትሕትና ነው ባይ ነኝ።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣና በረከት አለው። በረከቱ ጥቂት ምልክት ብዙ ድምፅ መያዙ ነው። «አደጋ» ሦስት ፊደል፣ «ዝግ» ሁለት ብቻ ነው። ጠባብ ሰሌዳ ላይ ይበቃል። ጣጣው ደግሞ ለ፣ ሉ፣ ሊ የሚለያዩት በትንሽ ጭራ መሆኑ ነው። ይህች ጭራ ከሩቅ ትጠፋለች፤ በተለይ ነጥብ በነጥብ በሚበራ ሰሌዳ ላይ። አሜሪካኖች በፈጣን መንገድ ላይ ለላቲን ፊደል ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠይቃሉ። ለግዕዝ ፊደል ያንኑ ቁመት ገልብጦ መውሰድ አይበቃም የሚል ግምት አለኝ። ሰሌዳ የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት «ሞጣ» እና «መርዓዊ» የሚሉትን ቃላት አጽፎ፣ ማታ በዝናብ ከመቶ ሜትር ቢያያቸው ይሻላል። የሰፈር ሾፌሮችን ጠርቶ ቢያስነብብ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

አማራጭ መንገድ ማሳየት ራሱ ችግር የሚያመጣበት ጊዜም አለ። ለሁሉም ሾፌር በአንድ ጊዜ «በዚያ በኩል ሂዱ» ከተባለ ሁሉም በዚያ በኩል ይሄዳል። ዋናው መንገድ ባዶ ይሆንና አማራጩ ይዘጋል። የትራፊክ ተመራማሪዎች ይህን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ያስጠነቅቃሉ። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በገበያ ቀን ይህን ማሰብ አይከብድም። ከአስፋልቱ የተገፋው መኪና ሁሉ ወደ ውስጥ ኮብልስቶን ይገባል። እዚያ ሽንኩርት የዘረጋች እናት አለች፣ ጋሪ አለ፣ ኳስ የሚያባርር ሕፃን አለ። የሾፌሩን ሃያ ደቂቃ ለመቆጠብ የሰፈሩን ሰላም መውሰድ ፍትሐዊ ነው? ሾፌሮች ምን ይመርጣሉ ብለው የሚጠይቁ ጥናቶች በዚያ መንገድ ዳር የሚኖረውን ሰው አብረው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ለዚህም ይመስላል መረጃ ብቻ የሚሰጥ ሰሌዳ ከሚያዝ ሰሌዳ የሚሻለው። ደቂቃው ብቻ ከተነገረው ግማሹ ይጠብቃል፣ ግማሹ ይዞራል፤ ሸክሙም ይከፋፈላል።

የእምነት ነገር ደግሞ አለ። የእኛ ሾፌር ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሳይኖረው የራሱ የምልክት ቋንቋ አለው። መኪና ሲበላሽበት ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላው አስፋልት ላይ ያስቀምጣል። ቅርንጫፉን ያየ ሾፌር «ፊት ለፊት የቆመ መኪና አለ» ብሎ ይቀንሳል። ከፊት የሚመጣው ደግሞ መብራት ብልጭ ያደርጋል። ርካሽ ነው፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፣ ማንም ይገባዋል። ድክመቱ አንድ ነው፦ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ቅርንጫፉ አይነሳም። ይባስ ብሎ ድንጋይ የደረደረው ድንጋዩን ትቶ ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ ሌላው ይጋጨዋል። ቅርንጫፍ አይቶ ቀንሶ ምንም ያላገኘ ሾፌር በሚቀጥለው ጊዜ አይቀንስም። ታፔላም እንደዚሁ ነው። «መንገድ ሥራ ላይ ነው» የሚል ታፔላ ሥራው ካለቀ ከወራት በኋላ ቆሞ ብታገኙት ቀጣዩን ታምኑታላችሁ?

ሰሌዳ ባዶ ሲሆን «ገንዘብ ባከነ» ብሎ የሚሞላውም አይጠፋም። ምክር ይጽፍበታል፣ መፈክር ይጽፍበታል። ቴክሳስ ግዛት ሰሌዳዎቿ ላይ በየወሩ ለአንድ ሳምንት በዚያ ዓመት በመኪና አደጋ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ታሳይ ነበር። ሾፌሩ ደንግጦ ይጠነቀቃል ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ተቃራኒውን አገኘ። ቁጥሩ በሚታይበት ጊዜ ከሰሌዳው ቀጥሎ ባሉት 10 ኪሎ ሜትሮች አደጋው በ4.5 በመቶ ጨመረ። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ከባድ ወሬ የሾፌሩን ሐሳብ ይሰርቃል የሚል ነው። የሚነገር ነገር ከሌለ ሰሌዳው ባዶ ይሁን።

«ይህ ሁሉ በስልክ ያልቅ የለ ወይ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የስልክ ካርታ የሚሠራው ዳታ ሲኖር ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። በዚያ ጊዜ የሾፌሩ ካርታ ጓደኛው ነበር። መርዓዊ ላለው ይደውላል፣ ዱርቤቴ ላለው ይደውላል። «መንገድ እንዴት ነው?» ይላል። መልሱ አጭር ነው፤ «ሰላም ነው» ወይም «ቆይ፣ አትምጣ»። ይህ የስልክ ሰንሰለት ሾፌሮች የሚመርጡት የመረጃ ዓይነት ምን እንደሚመስል ከማንም መጠይቅ በላይ ያሳያል። ከታመነ ሰው ይመጣል፣ ቦታ ይጠራል፣ ትኩስ ነው።

ስለዚህ ለባሕር ዳር በሚሊዮን ብር ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ግዙ የሚል ሐሳብ የለኝም። መብራት ይጠፋል፣ መለዋወጫ ይጠፋል፣ የሚጽፍበት ሠራተኛም ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ተገልጦ የሚነበብ፣ ሲያበቃ የሚታጠፍ የብረት ታፔላ በጥቂት መውጫዎች ላይ ቢተከል ይጀመራል። በበዓል ዋዜማ የትራፊክ ፖሊስ ይከፍተዋል፣ ማታ ይዘጋዋል። በተዘጋ ጊዜ ምንም አይታይም። ከሁሉም በፊት ግን ታፔላውን የማንሳት ኃላፊነት ያለበት ሰው መታወቅ አለበት። የሚሰቅል መቼም አይጠፋም።

አማራጭ ጭራሽ የሌለበት መስመር ደግሞ አለ። ከባሕር ዳር በሐሙሲትና በወረታ አድርጎ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት እክል ከገጠመው አውቶቡስ የሚዞርበት ሌላ አስፋልት በአቅራቢያው የለም። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ውሃው አስፋልቱ ላይ ከወጣ ለዚህ ሾፌር «አማራጭ መንገድ ይጠቀሙ» ማለት ማሾፍ ነው። በጣና ላይ በጀልባ ይሂድ? ለእሱ የሚጠቅመው መልዕክት «ወረታ መንገድ በውሃ ዝግ፣ ከሰዓት በፊት አይከፈትም» የሚል ነው። የሚቆምበት ቦታም ወረታ ሳይሆን ባሕር ዳር መናኸሪያ መውጫው በር ላይ ነው፤ ተሳፋሪ ሳይጫን፣ ነዳጅ ሳይቃጠል፣ ረዳቱም «ጎንደር! ጎንደር!» ብሎ ሳይጣራ።